የቆመውን ስፒዶሜትር በሌላ ብቀይር ወንጀል ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ1969 ፎርድ ሙስታንግ አለኝ። ስፒዶሜትሩ ከቆመ ከርሟል፤ ማይሉም 88,412 ላይ ቀርቷል። ከሌላ ሙስታንግ የተፈታ ኦሪጅናል ስፒዶሜትር አግኝቻለሁ፤ እሱ ግን 41,000 ያሳያል። ጓደኞቼ «እንዳለ ግጠመው፣ የዚህን ያህል ያረጀ መኪና ማይል ማን ይጠይቃል?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የያዙት ግማሹን እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚሸጥ ሰው ማይሉን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት የወጡ መኪኖች ግን በፌዴራሉ ደንብ ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። የእርስዎ ሙስታንግማ ሕጉንም በዕድሜ ይበልጠዋል። ማይል መመለስን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1972 ነው።

ነፃ የሆኑት ግን ከማሳወቅ ብቻ ነው። ቁጥሩን መቀየር የመኪናው ዕድሜ ምንም ይሁን ምን ክልክል ነው። 41,000 የሚለውን እንዳለ ከገጠሙት የ47,000 ማይል ታሪክ ሰረዙ ማለት ነው። «ለመሸጥ አላሰብኩም ነበር» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ቁጥሩን ለመለወጥ ማሰብዎ ራሱ በቂ ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያም የራሷ ክልከላ አላት።

መጠገንና መተካት ግን ተፈቅዷል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ቁጥሩ ከጥገናው በፊት የነበረው ሆኖ ይቀጥል። ስለዚህ ያገኙትን ስፒዶሜትር ከመግጠምዎ በፊት ለባለሙያ ይስጡና 88,412 ላይ ያስተካክለው። የዚያ ዘመን ቆጣሪ በጥርስ የሚዞር ስለሆነ ይቻላል። የማይቻል ከሆነ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ይደረጋል፤ የቀድሞው ማይልና የጥገናው ቀን ተጽፎ በግራው በር ፍሬም ላይ ይለጠፋል። ያንን ጽሑፍ ገዢ ለማታለል ብሎ ማንሳት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ገመዱን ያስፈትሹ። ከካምቢዮ ወደ ዳሽቦርድ የሚመጣው ገመድ ከተበጠሰ ቀስቱም ማይሉም አብረው ይቆማሉ። ችግሩ እሱ ከሆነ ገመዱን ይቀይራሉ፤ እኔም አላስፈልግዎትም።

ለሽያጭ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ይያዙልኝ። የመኪናዎ ቆጣሪ ባለ 5 አሃዝ ነው፤ 99,999 ሲያልፍ ወደ ዜሮ ይመለሳል። 88,412 የሚለው 188,412 ሊሆን ይችላል። ቆሞ ሳለ የነዱትም አልተቆጠረም። ስለዚህ «እውነተኛ ማይሉ ይህ ነው» ብለው አይፈርሙ። «ቆጣሪው ቆሞ ነበር፣ ትክክለኛው ማይል አይታወቅም» ብለው ይጻፉ። ማይሉ በማታለል የተቀየረበት ገዢ የጉዳቱን 3 እጥፍ ወይም 10,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ መጠየቅ ይችላል። ለመክሰስ 2 ዓመት አለው። እያወቀ ሕጉን የጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት እስር ይጠብቀዋል።

የሚገዙት ዕቃ በእርግጥ ኦሪጅናል ስለመሆኑ ደግሞ ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ። ያ ቃል እንደ ዋስትና ይቆጠራል፤ ኮፒ ሆኖ ቢገኝ የሚከራከሩበት ይሆንዎታል። ዕቃውን ለጥገና በፖስታ ከመላክዎ በፊት የማይሉን ቁጥርና ከጀርባው ያለውን የዕቃ ቁጥር ፎቶ ያንሱ። ጠጋኙ በደረሰኙ ላይ ሲረከብ የነበረውን ማይልና ሲመልስ ያለውን ማይል ሁለቱንም ይጻፍልዎ።