የደጋው ዘር ስላነሰ አትጣለው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። የጥድ ዘር ከ2,300 እና ከ2,900 ሜትር ከፍታ ለቅመህ፣ የላይኛው ፍሬ ደቀቅ ስላለብህ «ልጣለው ወይ?» ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል። እኔም ችግኝ ጣቢያ በገባሁበት ዓመት ደቃቁን በወንፊት ለይቼ ጣልኩት። ያስቀረሁት ትልልቁ ግማሹ ባዶ ፍሬ ሆኖ መደቡ ላይ ቀረ።

ጥድ ባዶ ፍሬ ያበዛል፤ መጠኑ አያታልልህ። ከሁለቱም ሃያ ሃያ ፍሬ አንሳና በምላጭ ሰንጥቅ። ውስጡ ነጭና ወዛም ከሆነ ደህና ነው። ደርቆ ከተጨማደደ ወይም ቀፎ ከሆነ እሱን ጣል። ውኃ ላይ ማንሳፈፍም ይረዳል፤ ግን የደረቀ ጥሩ ዘርም ስለሚንሳፈፍ ከተንሳፈፈውም ጥቂቱን ሰንጥቀህ እይ።

«ወደ ላይ ሲወጣ ዘር ያንሳል» የሚባለው ከየት መጣ? አንድ ቀን ከመናገሻ ሱባ ደን ወደ ወጨጫ ተራራ አናት ውጣ። ከታች የዝግባ ፍሬ ብይ ያክላል። አናቱ ላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ ዘር ግን ብናኝ ነው፤ ብታነጥስ አጣኸው። ሰሜንና ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልም እንደዚያው ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ አብቦ ሲሞት የሚበትነው ደቃቅ ዘር ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ብርዱ ሲበረታ ተክሉ የሚያድገው በቀስታ ነው፣ ለዘሩ የሚያተርፈው ስንቅም ያንሳል። ቀላል ዘር ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል።

ይህ ግን የተለያዩ ተክሎችን ስታወዳድር ነው። ጥድን ከጥድ ጋር ስታስተያይ ነገሩ ይዘበራረቃል። አንዳንዱ ዝርያ ላይ የደጋው ዘር ከቆላው ይከብዳል፤ ቡቃያው ውርጭ የሚችልበት ስንቅ ይዞ ይወጣል። አፈሩ፣ የዝናቡ ዓመት፣ የዛፉ ዕድሜም አለበት። ስለዚህ ከአንድ ከሁለት ዛፍ ለቅመህ «ከፍታው ነው» አትበል። ቢያንስ አሥር እናት ዛፍ፣ ተራርቀው የቆሙ፣ ምረጥ።

ሁለቱን ደግሞ አትቀላቅል። ከረጢቱ ላይ ከፍታውንና ቀኑን ጻፍ፣ መደቡንም ለያይ። የደጋውን ለደጋ፣ የወይና ደጋውን ለወይና ደጋ ስጥ። (የሱባን ጥድ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ደጋ ለደጋ ስለሆነ ተስማምቶታል እላለሁ፣ የግሌ ግምት ነው።)

የላይኛው ቢዘገይብህም መደቡን ቶሎ አትገልብጥ። እኔ አንዴ ተስፋ ቆርጬ በሁለተኛው ወር ዶማ ይዤ ስመጣ፣ ከገለባው ሥር መርፌ የመሰሉ አረንጓዴዎች ብቅ ብለው አገኘኋቸው። ዶማውን ደብቄ ውኃ ማጠጫውን አነሳሁ።