ከዲቴንሽን የሚመጣው ድምፅ፤ ለወጣት ባለሙያዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ፣ ሕግ ወይም ነርሲንግ ወይም ሶሻል ወርክ የምትማሩ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አግኝታችሁኝ «በዲቴንሽን፣ በኢሚግሬሽን ማቆያ እስር፣ ያሉትን ወገኖቻችንን እንዴት እንርዳ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በቆምኩበት የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ይኸው በጽሑፍ መጣሁ። ከ15 ዓመት በላይ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጉዳዮች የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አብዛኛውን የሠራሁት በስልክ ነው። የብዙዎቹን ፊት አይቼ አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን አብሮኝ አለ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ልጅ አስተረጎምኩ። ከብራዚል ተነስቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳርየን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ ድንበር ኬላ ቀርቦ ጥገኝነት የጠየቀ ነው። ወደ አገሩ ቢመለስ ምን እንደሚያስፈራው የኢሚግሬሽን መኮንኑ ይጠይቀዋል፤ እኔ ከሌላ ከተማ በስልክ መስመር ላይ ነኝ። «መቼ ታሰርክ?» አለው። ልጁ «በ97፣ ከምርጫው በኋላ» ብሎ መለሰ። እኔም እንዳለ «97» ብዬ አስተላለፍኩ። መኮንኑ 1997 ብሎ ጻፈ።

እናንተ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ 97 ማለት በፈረንጆቹ 2005 መሆኑን ወዲያው ይነግሯችኋል። እኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን አስተርጓሚ ከተባለው ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስም ተብዬ ሰልጥኜ ስለነበር አፌን ያዝኩ። ከወራት በኋላ በችሎት ያንኑ ድምፅ ሰማሁት። የመንግሥት ጠበቃው «በማመልከቻህ 2005 ብለሃል፣ ለመኮንኑ 1997 ብለሃል፣ የትኛው ነው ውሸቱ?» እያለ ያፋጥጠዋል። ልጁ ጥያቄው ጨርሶ አልገባውም፤ በ1997 እኮ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። በ2005 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ ደግሞ ዳኛው በጥቃቅን ልዩነት፣ የጉዳዩን ዋና ነጥብ በማይነካ ልዩነት እንኳ፣ የሰውን ቃል ተዓማኒነት እንዲያሳጣ ይፈቅድለታል። በዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ «አስተርጓሚዋ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ማብራሪያ ለመስጠት ትጠይቃለች» ያልኩት። ዳኛዋ ፈቀደች። ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ በቀጠሮው ቀን የተጠራው ሌላ አስተርጓሚ ስለነበር ፍጻሜውን አላየሁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ዝምታ ነበር፤ ያ ልጅ ግን እነዚያን ወራት በሙሉ ታስሮ ከርሟል።

ስለዚህ አስተርጓሚ ልትሆኑ የምታስቡ፣ ሳይገባችሁ አትለፉ። «ሦስት ሰዓት ላይ መጡ» ሲል የጠዋቱን ሦስት ነው ወይስ የምሽቱን ብላችሁ ጠይቁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ እንደሆነም አስመዝግቡ። «አጎቴ ነው» ሲል የእናቱ ወንድም ይሁን የአባቱ የሥራ ባልደረባ ይለይ። ከሁሉ በላይ ሰውዬው አማርኛ በደንብ ይችላል ወይ የሚለውን በመጀመሪያው ደቂቃ አጣሩ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አማርኛ ተናጋሪ ተደርጎ ይመዘገባል። አፉን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ የፈታ ሰው፣ አማርኛን በገበያ የለመደ፣ የደረሰበትን መደብደብ በገበያ አማርኛ እንዲናገር ይገደዳል። አፍሮ «አዎ ገብቶኛል» ይላል። እናንተ ግን በድምፁ ታውቁታላችሁ። «ይህ ሰው ሌላ ቋንቋ ያስፈልገዋል» ማለት የቀኑን ክፍያ ሊያሳጣችሁ ይችላል፤ ይቅርባችሁ።

ሕግ ለምትማሩት ደግሞ አንድ ነገር ከልባችሁ እንዳይጠፋ እለምናችኋለሁ። የኢሚግሬሽን እስር ቅጣት አይደለም። ይህን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 በዎንግ ዊንግ ጉዳይ የውጭ ዜጋን ያለ ፍርድ በከባድ ሥራ እስራት መቅጣት እንደማይቻል ወስኗል። ሰውን ይዞ የማቆየት ሥልጣን የሚሰጠው ጉዳዩ እስኪታይና እስኪወሰን ነው። ነገር ግን ወደ ውስጥ ስትገቡ የምታዩት ዩኒፎርም፣ ካቴና፣ በመስታወት ማዶ የሚደረግ ንግግር ነው። በ2009 የወህኒ ቤት አስተዳደር ባለሙያዋ ዶራ ሽሪሮ ለራሱ ለመንግሥት ባዘጋጁት ሪፖርት አብዛኞቹ ማቆያዎች እንደ ወህኒ ቤት የተሠሩ፣ የሚተዳደሩበትም ደንብ ከወህኒ ቤት የተወሰደ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ በ2011 የተሻለ መመሪያ ወጥቷል። መመሪያና ግቢው ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ለየብቻ ናቸው። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን የጾም ምግብ ጠይቆ እንቁላልና አይብ ያለበት ሳህን የሚቀርብለት፣ ዳቦ ብቻ በልቶ ለሚያድር ሰው አስተርጉሜያለሁ። ለጠባቂው ሥጋ እስከሌለበት ድረስ ጾም ነው። ይህን ለማስረዳት አሥር ደቂቃና ጾሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል፤ ያ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ጠበቃ ግን የሁሉም ቁልፍ ነው። ሕጉ ታሳሪው ጠበቃ ማቆም ይችላል ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ «መንግሥት ወጪ ሳያወጣ» ይላል። በ2015 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ2007 እስከ 2012 ታስረው ጉዳያቸው ከታየ ሰዎች ጠበቃ የነበራቸው 14 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ኒው ዮርክ ከተማ በ2013 ለታሰሩ ስደተኞች በሕዝብ ገንዘብ ጠበቃ ማቆም ጀመረች። ቬራ የተባለው የፍትሕ ጥናት ተቋም በ2017 ሲገመግመው፣ ያለ ጠበቃ 4 በመቶ የነበረው የማሸነፍ ዕድል ወደ 48 በመቶ እንደሚደርስ ገመተ። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው እንድትደነቁ አይደለም። በየከተማችሁ ምክር ቤት የበጀት ስብሰባ ሲጠራ ሄዳችሁ እንድትናገሩበት ነው።

ስለ ጊዜም ልጨምር። በድንበር ኬላ ቀርቦ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ ቦንድ፣ በዋስትና ገንዘብ መለቀቅን፣ መጠየቅ አይችልም። በፓሮል፣ ማለትም በጊዜያዊ ፈቃድ፣ ሊለቀው የሚችለው ያሰረው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 በየስድስት ወሩ የቦንድ ችሎት ይደረግ የሚል ግዴታ በሕጉ ውስጥ የለም ብሏል። የሚመለከተው ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚነግረው የለም። የተፈረደበት ወንጀለኛ እንኳ ቀኑን ይቆጥራል። እነዚህ ልጆች ግን፣ «እትዬ፣ ስንት ወር ይቀረኛል?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ጥያቄውን ለመኮንኑ ከማስተላለፍ በቀር የምለው የለኝም።

አንዳንዶቻችሁ የተሻለ ፍራሽ፣ የተሻለ ሐኪም እንዲኖር ብቻ ትታገላላችሁ። ታገሉ፤ ሐኪም ያጣ ሰው ይሞታል። በ2020 ክረምት እዚሁ ቨርጂኒያ ፋርምቪል ወደሚገኘው ማቆያ ከአሪዞናና ከፍሎሪዳ ታሳሪዎች ተዘዋውረው ሲመጡ ኮሮና ግቢውን በሙሉ አዳርሷል፤ አንድ ካናዳዊ ሞቷል። ነገር ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ከ2016 እስከ ሰኔ 2017 መንግሥት ራሱ የሞከረው ሌላ መንገድ ነበር። ቤተሰቦችን ሳያስር ለእያንዳንዱ የሚከታተል ሠራተኛ መደበ፤ ወጪው ለአንድ ቤተሰብ በቀን 36 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ 99 በመቶው ቀጠሮና ችሎት አክብሮ ተገኘ። ከዚያ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ሰው ቀጠሮውን የሚያከብረው ቀጠሮው ሲገባውና የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ፣ ቅዳሜ ልትጠይቁ የምትሄዱ ከሆነ የሚፈለገውን ሰው ኤ ነምበር፣ የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥሩን፣ ያዙ፤ ዘጠኝ አኃዝ ነው። ቁጥሩ ከሌላችሁ በ2010 በተከፈተው የኢንተርኔት መፈለጊያ በስምና በትውልድ አገር መፈለግ ትችላላችሁ፤ ስሙ ግን ፋይሉ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ካልገባ አይወጣም። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተወስዶ ይሆናል፣ ወይም የአያት። ጸጋዬ የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል በ‹ቲ› ሊጀምር ይችላል፣ በ‹ኤስ›ም። አንዲት እናት ከደሴ ደውላ ልጇ ድንበር ላይ ከደወለላት በኋላ ድምፁ እንደጠፋ ነገረችኝ። ከሥራ መልስ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን፣ አንድ ፊደል እየጨመርን አንድ እየቀነስን ስንፈልገው አመሸን። በሰባተኛው አጻጻፍ ጆርጂያ ውስጥ አገኘነው።