በሌላ ስቴት የፍጥነት ቲኬት ሲሰጥዎ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ከሚኖሩበት ስቴት ወጥተው ሲነዱ ቲኬት ከተሰጣቸው አንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አይ-95 ላይ 70 በሚፈቀድበት ቦታ በ86 ማይል ስሄድ ተያዝኩ። ያለፍኩት 16 ማይል ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ግን ፍርድ ቤት ቅረብ ይላል። ኦንላይን ከፍዬ መገላገል አልችልም?

መልስ፦ አይችሉም። ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የሕግ ቁጥር ይመልከቱ። 46.2-870 ቢል ኖሮ ተራ የፍጥነት ጥፋት ነበር። 46.2-862 ከሆነ ግን «ሬክለስ ድራይቪንግ» (ግዴለሽ አነዳድ) ነው፤ የእርስዎም ይኸው ይመስላል። ቨርጂኒያ በዚህ አንቀጽ የምትከሰው ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈን ብቻ አይደለም፤ የመንገዱ ወሰን ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ የነዳ ሁሉ ይገባበታል (እስከ 2020 አጋማሽ ወሰኑ 80 ነበር)። ክሱ የወንጀል ነው፦ ጣሪያው 12 ወር እስራት፣ 2,500 ዶላር እና የ6 ወር የመንዳት እገዳ። በ86 ማይል መታሰር የተለመደ አይደለም። የሚያሳስበው የወንጀል ሪከርድ መሆኑና በቨርጂኒያ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ 11 ዓመት መቆየቱ ነው።

በዚያው ካውንቲ ፍርድ ቤት ዘወትር የሚቆም ጠበቃ ይፈልጉና እርስዎ ሳይገኙ ሊቀርብልዎ ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት። የሜሪላንድ የመንዳት ሪከርድዎን ሙሉ ቅጂ ያውጡ። መኪናውን ደግሞ የፍጥነት መለኪያ ወደሚፈትሽ ጋራዥ ይውሰዱ። ፋብሪካው ከገጠመው የሚበልጥ ጎማ የተደረገለት መኪና ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ዳሽቦርዱ 83 እያለ እርስዎ 86 ሄደው ከሆነ፣ የጋራዡ ወረቀት ዳኛው ፊት ዋጋ አለው። የ8 ሰዓቱን የአሽከርካሪዎች ማሻሻያ ኮርስ አስቀድመው መውሰድም ይረዳል፤ የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበሉ ግን ጠበቃው ይንገርዎ። የሚፈለገው ክሱ ወደ ተራ ፍጥነት ዝቅ እንዲል ነው። ከተፈረደብዎ በ10 ቀን ውስጥ ሰርኪዩት ኮርት ወደሚባለው ከፍ ያለ ፍርድ ቤት ይግባኝ ካሉ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። ቀጠሮውን ካለፉት ግን በሌሉበት ሊፈረድብዎ ወይም የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣብዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኒው ጀርሲ ነኝ፤ ቲኬቱ የደላዌር ነው። ብከፍለው ያበቃል? ስሜ ስለተሳሳተ ጓደኞቼ «ዋጋ የለውም፣ ተወው» ይሉኛል።

መልስ፦ የስም ፊደል መሳሳት ቲኬት አያስጥልም፤ ዳኛው ያርመዋል። መክፈል ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረም ነው። 45 ስቴቶችና ዲሲ ጥፋቱን ለመኖሪያ ስቴትዎ የሚያሳውቁበት ስምምነት አላቸው። ጆርጂያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሚሺጋን፣ ቴነሲና ዊስኮንሰን አባል አይደሉም፤ ያ ማለት ግን መረጃ አይለዋወጡም ማለት አይደለም። ፖይንቱን (ሪከርድዎ ላይ የሚያዘውን የጥፋት ነጥብ) የሚወስነው የእርስዎ ስቴት ነው። ኒው ጀርሲ ከሌላ ስቴት ለመጣ የአነዳድ ጥፋት 2 ፖይንት ትይዛለች። ኒው ዮርክ በበኩሏ ከኦንታሪዮና ከኩቤክ ካልሆነ በቀር ለውጪ የፍጥነት ቲኬት ፖይንት አትሰጥም። ኢንሹራንሱ ግን ፖይንት ባይኖርም ሪከርዱን ያያል፤ ዋጋው የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ሲታደስ ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ፍርድ ቤቱ ደውለው ክሱን ዝቅ የማስደረግ መንገድ እንዳለ ይጠይቁ።

መተው ከሁሉ ይከፋል። በ1977 የተጀመረ ሌላ ስምምነት አለ፤ ከአላስካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚሺጋን፣ ሞንታና፣ ኦሪገንና ዊስኮንሰን በቀር ሁሉም ገብተውበታል። ለቲኬት መልስ ካልሰጡ የራስዎ ስቴት መንጃ ፈቃድዎን ያግዳል። ብዙ ሰው መታገዱን የሚያውቀው ሌላ ፖሊስ ሲያስቆመው ነው፤ ማስጠንቀቂያው የሄደው ወደ ድሮ አድራሻው ነዋ። እገዳውን ለማስነሳት መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ጉዳይ ይዘጋሉ፣ የመዝጊያ ወረቀት ይቀበላሉ፣ ከዚያ ለራስዎ ዲኤምቪ የማስመለሻ ክፍያ ይከፍላሉ። ወረቀቱን አይጣሉት።

ጥያቄ፦ የትራክ ሹፌር ነኝ። ኦሃዮ ላይ 17 ማይል አልፌ ተያዝኩ። ኮርስ ወስጄ ቲኬቱን ማጥፋት እችላለሁ?

መልስ፦ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ላለው ሰው ይህ በር ዝግ ነው። የፌዴራል ሕግ የሲዲኤል ባለቤትን ጥፋት በኮርስ ወይም ፍርዱን በማዘግየት መሸፈንን ይከለክላል፤ በግል መኪናው ቢያዝም እንኳ። 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ «ከባድ ጥፋት» ነው፦ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ 120 ቀን ትራክ መንዳት አይችሉም። ከጠበቃ ጋር የሚሞከረው ፍርድ ሳይሰጥ በፊት በማስረጃው ተከራክሮ ቁጥሩን ከ15 በታች ማውረድ ነው። ከተፈረደብዎ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪዎ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ እኖራለሁ፤ የዲሲ ካሜራ ቲኬት በፖስታ መጣልኝ። ፖይንት አለው?

መልስ፦ የለውም፤ የሚቀጣው ባለመኪናው ነው። በ30 ቀን ካልተከፈለ ግን እጥፍ ይሆናል። ከ60 ቀን ያለፉ ሁለት ያልተከፈሉ ቲኬቶች ካሉብዎ መኪናዎን ዲሲ ውስጥ ካቆሙበት ጎማው ተቆልፎ ሊያገኙት ይችላሉ። በ2024 የወጣ ሕግ ደግሞ ከተማዋ የውጪ ስቴት ነጂዎችን እንድትከስ ፈቅዷል።

ጥያቄ፦ ለዜግነት ላመለክት ነው። የፍጥነት ቲኬቴ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ እስር ያልነበረበት፣ ቅጣቱ ከ500 ዶላር በታች ወይም ፖይንት ብቻ የሆነ፣ አልኮል ወይም ዕፅ ያልነካካው ቲኬት ማስረጃ አያስፈልገውም። ጥያቄውን ግን በእውነት ይመልሱ። የቨርጂኒያው ሬክለስ ሌላ ነገር ነው፤ ወንጀል ስለሆነ የውሳኔውን የተረጋገጠ ቅጂ ከፍርድ ቤቱ ያውጡና ፎርሙን ከመላክዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩ። በነሐሴ 2025 የወጣው የዩኤስሲአይኤስ (የዜግነት ማመልከቻ የሚያየው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) መመሪያ ግዴለሽ ወይም ተደጋጋሚ የትራፊክ ጥፋት በመልካም ሥነ ምግባር ግምገማ ሊታይ እንደሚችል ይጠቅሳል።

ጥያቄ፦ ጆርጂያ ላይ በ88 ማይል ተይዤ ቅጣቱን ከፍያለሁ። አሁን 200 ዶላር ጨምር የሚል ደብዳቤ መጣ። አጭበርባሪ ነው?

መልስ፦ ደብዳቤው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ጆርጂያ በሁለት መስመር መንገድ 75፣ በማንኛውም መንገድ 85 እና ከዚያ በላይ ለነዳ ከፍርድ ቤቱ ቅጣት ሌላ «ሱፐር ስፒደር» የሚባል 200 ዶላር ትጠይቃለች፤ የሌላ ስቴት ነጂም አይቀርለትም። በ120 ቀን ካልተከፈለ የመንዳት መብት ይታገዳል፣ 50 ዶላርም ይጨመራል። አጭበርባሪዎች የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ቴክስት ከሊንክ ጋር ነው። ሊንኩን ሳይነኩ የስቴቱ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በራስዎ ገብተው ዕዳው መኖሩን ያረጋግጡ፣ እዚያው ይክፈሉ።