ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኜ በብዕር መሳል ጊዜ ማባከን ነው?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነሽ፤ ፋውንቴን ፔንና የሥዕል ደብተር ገዝተሽ መለማመድ ጀምረሻል። ገጾቹ ግን «ተበላሽተው» እያሳፈሩሽ ነው። ጓደኞችሽ ሶፍትዌር ሲለማመዱ አንቺ ጊዜሽን የምታባክኚ መስሎሽ ሰግተሻል። ደብተሩንስ ለቀጣሪ ላሳየው ወይ ብለሻል።

ሶፍትዌሩን አትተዪ። ጀማሪ ባለሙያ የሚቀጠረው በአብዛኛው ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ ነው፤ ይህን ደብቄ ስለ እጅ ሥዕል ውበት ባወራልሽ መካሪሽ አልሆንም። በቀን 20 ደቂቃ ለደብተሩ ስጪው፤ የቀረው ሰዓት የሶፍትዌሩ ይሁን።

ደብተሩን ግን ሙሉውን ለማንም አታሳዪ። ለቀጣሪ ብለሽ ከሳልሽው እያንዳንዱ ገጽ ፈተና ይሆንብሻል፤ እጅሽም የለመደውን ብቻ እየደጋገመ ይቀራል። «ተበላሸ» ያልሽውን ገጽ ደግሞ እስቲ መልሰሽ እዪው። ደረጃ እየሳልሽ ነው እንበል። የመደገፊያው መስመር ከሚገባው በላይ ተጋደመ። በእርሳስ ቢሆን በላጲስ ታጠፊው ነበር። በብዕር ግን የተሳሳተው መስመር እዚያው ይቀራል፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ታሰምሪያለሽ። ከዚያ ለምን እንደተሳሳትሽ ለማወቅ ደረጃውን ለክተሽ ዳር ላይ ትጽፊያለሽ፤ የአንዱ እርከን ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር፣ መርገጫው 28። ሁለት ጊዜ ከፍታው ሲደመር መርገጫው 62 ይመጣል። ምቹ ደረጃ ከ60 እስከ 65 ባለው መካከል እንደሚወድቅ ክፍል ውስጥ ተምረሻል፤ አሁን እግርሽም አወቀው። እኔ ቀጣሪ ብሆን የምፈልገው ይህን ገጽ ነው። ጥርት ያለውን ሥዕል ሶፍትዌሩም ይሠራዋል፤ ማየትሽን፣ መሳሳትሽንና ማስተካከልሽን የሚያሳይ ግን ይህ ገጽ ነው።

ስለ መሣሪያው የጠየቅሽኝን ባጭሩ ልመልስ። መስመሩ ዳር ዳሩ እየተበተነ፣ ቀለሙም ወደ ጀርባው እየሰረገ ከሆነ ጥፋቱ የእጅሽ ሳይሆን የወረቀቱ ሊሆን ይችላል፤ ቀለም ቶሎ የማይመጥጥ ወረቀት ፈልጊ። ብዕሩን አትጫኚው። እስክሪብቶ የለመደ እጅ መጫን ይወዳል፣ ፋውንቴን ፔን ግን ጫፉ ወረቀቱን ከነካ ቀለሙ በቀጭኗ ስንጥቅ በራሱ ይወርዳል፤ ብትጫኚው ጫፉ ይከፈትና ይበላሻል። ጥላ ስትፈልጊ መስመሮችን አጠጋግተሽ ደርድሪ፤ ይበልጥ እንዲጠቁር በላያቸው አቋርጠሽ ድገሚ።

ቀለሙ ላይ ግን ተጠንቀቂ። አብዛኛው የፋውንቴን ፔን ቀለም ውኃ ሲነካው ይለቃል። አንዳንዴ ይጠቅማል፤ እርጥብ ብሩሽ መስመሩ ላይ ብታሳልፊ ግራጫ ጥላ ይሰጥሻል። የውኃ ቀለም በላዩ ልቀባ ካልሽ ግን ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የተሠራ፣ ውኃ ሲነካው የማይለቅ ቀለም ያስፈልግሻል። ሸላክ የሚባል ሙጫ ያለበትን ኢንዲያ ኢንክ (ጥቁር የሥዕል ቀለም) በፍጹም አትሙዪበት፤ ውስጡ ደርቆ ይደፍነዋል። ብዕሩን በየጊዜው በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው። ውድ ብዕር ልግዛ ላልሽው፣ አሁን የያዝሽው ይበቃል።

ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ለቀጣሪ የምታሳዪውን የሥራ ስብስብ፣ የምታዘጋጂ ዕለት ከደብተሩ ሦስት ወይም አራት ገጽ ምረጪ። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ሳይወድቅበት ፎቶ አንሺው፤ ዳር ላይ የጻፍሽውን ልኬትም ሆነ የተሳሳተውን መስመር ቆርጠሽ አታውጪ። ከዚያ ንድፍ ተነስተሽ የሠራሽው ፕሮጀክት ካለ ገጹን ከመጨረሻው ሥራ ጎን አስቀምጪው። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሥራሽ ሲጠይቁሽ ከዚያ ገጽ ጀምሪ፤ መጀመሪያ ምን እንዳሰብሽ፣ ምን እንዳስቀየረሽና ልኬቱን ከየት እንዳመጣሽው ንገሪያቸው።