ስሙን በዕብራይስጥ ካልጠራሁ ጸሎቴ አይሰማም ወይ? ለሚለው ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ሰው «እግዚአብሔር፣ ኢየሱስ እያልሽ ብትጸልዪ አይሰማሽም፤ ያህዌና የሹዋ ማለት አለብሽ» ብሎሽ ግራ ገብቶሻል። የስሞቹን ዝርዝር ከነትርጉማቸው የያዘ ሰው ካለም እንዲልክልሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚያው ውስጥ ገብቼ ስለወጣሁ ትንሽ ላርዝመው፣ ታገሺኝ።

ከዓመታት በፊት ደብተሬ ጀርባ ላይ ከ70 በላይ ስሞች ጽፌ ነበር። በግራ ስሙ፣ በቀኝ ትርጉሙ። ኤልሻዳይ፦ ሁሉን ቻይ። ያህዌ ይርኤ፦ አቅራቢ። እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸመደድኩት። ገንዘብ ሲቸግረኝ አንዱን፣ ሲያመኝ ሌላውን እጠራለሁ፤ ለየበሩ የተለየ ቁልፍ እንደያዘ ዘበኛ። አንድ ቀን ይህንኑ ለጥናት ቡድናችን ሳስተምር ከኋላ የተቀመጠች ታዳጊ «ያህዌ ይርኤ ብሎ የጠራው ማነው? የተጠራውስ?» አለችኝ። «አብርሃም ነዋ፣ እግዚአብሔርን!» አልኳት። ዘፍጥረት 22፥14ን ገልጣ ጮክ ብላ አነበበችው። ለካ ስም የወጣለት ቦታው ነው፤ ተራራው። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አሁን አላስታውሰውም፤ ጆሮዬ ድረስ መቅላቴን ግን አስታውሳለሁ።

ማታ ቁጭ ብዬ ምዕራፉን ከላይ ጀመርኩት። «ይርኤ» ግእዝ ለቀመሰ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ርእየ ነው፣ አየ። ቁጥር 8 ላይ ይስሐቅ በጉ የት እንዳለ ሲጠይቅ አባቱ የመለሰለት በዚሁ ግስ ነው። አማርኛው «ያዘጋጃል» ይለዋል፤ ዕብራይስጡ ቃል በቃል «በጉን ለራሱ ያያል» ነው። እኛም ለተጨነቀ ሰው «ተወው፣ እኔ አየዋለሁ» ስንል ማየት ብቻ ማለታችን አይደለም። ስለዚህ «አቅራቢ» የሚለው ትርጉም ውሸት አይደለም። ግን ያ ስም የወጣው ቢላዋ ያነሳ እጅ ከቆመ በኋላ ነው። ያንን ቆርጠሽ ዝርዝር ውስጥ ስታስገቢው የሚቀርሽ የገበያ ቃል ነው።

ስድስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትሄጂ ያው ግስ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይጠብቅሻል። ዘፍጥረት 16፥13፣ «ኤልሮኢ»፣ የሚያየኝ አምላክ። እዚህ ግን ስም የወጣለት ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ ያወጣችለት ደግሞ ከእመቤቷ ሸሽታ ምድረ በዳ የገባች ነፍሰ ጡር ባሪያ፣ አጋር ናት። ነቢይ አይደለችም፣ ካህን አይደለችም። የዚህ ስም ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ዋናው። የእስራኤል አምላክ የተጸውዖ ስም በዕብራይስጥ አራት ፊደል ነው፦ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። በብሉይ ኪዳን ወደ 6,800 ጊዜ ይገኛል። ዕብራይስጥ ጥንት አናባቢ አይጻፍበትም ነበር፤ አይሁድም ስሙን ከማክበር የተነሳ ሲያነቡ በምትኩ «አዶናይ»፣ ጌታዬ፣ ይሉ ጀመር። ኋላ የአናባቢ ምልክት ሲጨመር ገልባጮቹ አራቱ ፊደላት ላይ የአዶናይን ምልክት አደረጉ፤ አንባቢው «አዶናይ» ማለት እንዳለበት እንዲያስታውስ። ይህንን እንደ አንድ ቃል ካነበቡት ነው «ይሖዋ» የተገኘው። «ያህዌ» ደግሞ ሊቃውንት አጥንተው የደረሱበት ግምት ነው። ጠንካራ ግምት ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ፤ ግን ግምት ነው። አጠራሩን ካላስተካከልሽ አትሰሚም ያለሽ ሰው እሱ ራሱ በምን እርግጠኛ ሆኖ እንደሚጸልይ አላውቅም።

ትርጉሙን ከፈለግሽ ዘጸአት 3፥14 ላይ ነው፣ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት። የ1954ቱ ትርጉም «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» ይለዋል። እዚህ ላይ አማርኛ ያደለን ነገር አለ። እኛ «ነው» እና «አለ» የሚባሉ ሁለት ግሶች አሉን፤ የግሪክኛው አዲስ ኪዳን ግን ለሁለቱም በአንድ ግስ ይጠቀማል። ስለዚህ ተርጓሚዎቻችን በየቦታው መምረጥ ነበረባቸው። ዮሐንስ 8፥58 ላይ ኢየሱስ የተናገረውን «አብርሃም ሳይወለድ እኔ አለሁ» አሉ፤ 18፥6 ላይ ሊይዙት የመጡት ወደ ኋላ አፈግፍገው የወደቁበትን ደግሞ «እኔ ነኝ» አሉት። ግሪክኛው ሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ይህንን ሳውቅ ደስ ብሎኝ «እኔ ነኝ» ባለበት ሁሉ ቁጥቋጦውን ማየት ጀምሬ ነበር፤ ዮሐንስ 9፥9 አስቆመኝ። ዓይኑ የበራለት ለማኝም «እኔ ነኝ» ይላል፣ በዚያው ቃል። እሱ «አዎ፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» ማለቱ ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር» የሚለው የግእዝ ቃላችን እግዚእ እና ብሔር ነው፣ የምድር ሁሉ ጌታ። የአራቱ ፊደላት ቀጥተኛ ትርጉም አይደለም፤ ግን አዶናይ የተባለበትን፣ ግሪክኛው ኪሪዮስ፣ ጌታ፣ ያለበትን መንገድ ነው የተከተለው። አንድ ጉዳት አለው፤ ዘፍጥረት 1፥1 ላይ ዕብራይስጡ «ኤሎሂም»፣ አምላክ፣ ሲል እኛም እዚያው «እግዚአብሔር» ስለምንል ልዩነቱ ይጠፋብናል። 2፥4 ላይ «እግዚአብሔር አምላክ» የሚል ስታገኚ ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ነው።

«ኢየሱስ» ላይ ብዙም አልቆይም። የሹዋ፣ ኢያሱ፣ ኢየሱስ አንድ ስም ነው፦ እግዚአብሔር ያድናል። ግሪክኛ «ሸ» የሚል ድምፅ ስለሌለው እና የወንድ ስም መጨረሻው ላይ «ስ» ስለሚወድ እንዲህ ሆነ። ዕብራውያን 4፥8 ላይ ስለ ነዌ ልጅ ኢያሱ ሲናገር ግሪክኛው ያው «ኢየሱስ» ነው የሚለው። ሐዋርያት በግሪክኛ ሲጽፉ አልፈሩም። መስቀሉ ላይ የተሰቀለው ጽሕፈት ራሱ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥ እና በግሪክ ነበር፣ ዮሐንስ 19፥20። ያ ሰው ከጠየቀሽ ይህቺን ጥቅስ ብቻ አሳዪው።

ማዕረጎቹ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። «ክርስቶስ» የአባት ስም ይመስላል እንጂ «የተቀባ» ማለት ነው፣ መሲሕ በግሪክኛ፤ ኢሳይያስ 45፥1 የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስንም የተቀባ ይለዋል። «ጌታ» ደግሞ የሚናገረውን አፍ አይቶ ነው የሚፈታው። ሳምራዊቷ ሴት ዮሐንስ 4፥11 ላይ «ጌታ ሆይ፥ መቅጃ የለህም» ስትል «ጌታዬ፣ በምን ሊቀዱ ነው?» እንደማለት ነው፤ አይሁዳዊ መንገደኛ እንጂ ሌላ መሆኑን ገና አላወቀችም። ቶማስ 20፥28 ላይ «ጌታዬ አምላኬም» ሲል ግን ቃሉ ሌላ ሸክም ተሸክሟል።

እኔን ብዙ ጊዜ ያሳሳተኝ «የሰው ልጅ» ነው። በአማርኛ «የሰው ልጅ» ስንል ሰው ማለታችን ነው፤ ሕዝቅኤልም ከ90 ጊዜ በላይ የተጠራው በዚሁ ትርጉም ነው። ስለዚህ «የእግዚአብሔር ልጅ» አምላክነቱን፣ «የሰው ልጅ» ሰውነቱን የሚያሳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ዳንኤል 7፥13ን አነበብኩ፦ የሰው ልጅ የሚመስል ከደመና ጋር መጥቶ ዘላለማዊ ግዛት ይሰጠዋል። ማርቆስ 14፥62 ላይ ኢየሱስ ያንን ደመና ጠርቶ ሲናገር ሊቀ ካህናቱ ልብሱን ቀደደ። ትሑት ማዕረግ ቢሆን ኖሮ ልብስ አያስቀድድም ነበር።

የዝርዝሩን ነገር በተመለከተ፦ አለኝ፤ ብትፈልጊ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ግን አንድ ስም ባነበብሽ ቁጥር ጎኑ ላይ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ማን ጠራው፣ የት ሆኖ፣ ምን አስፈርቶት። በመሳፍንት 6፥24 ጀምሪ። ጌዴዎን መሠዊያውን «እግዚአብሔር ሰላም» ብሎ ሲሰይም ምድያማውያን ገና እስራኤልን እያስጨነቁ ነው። አንብበሽ ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልን።