ከሂግስ በኋላ ምን ይፈለጋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፈረንጆቹ 2012 ሂግስ ቦሶን የተባለው ቅንጣት ከተገኘ ወዲህ ሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ምንም አላገኘም ይባላል። ታዲያ ፍለጋው ለምን አይቆምም? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ እዚሁ ሐዋሳ ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። “ምንም” ግን አይባልም። ሰርን ቅንጣቶችን አፍጥኖ በሚያጋጭበት በ27 ኪሎ ሜትሩ ማፍጠኛ ከ70 በላይ አዳዲስ ሀድሮኖች፣ ማለትም ኳርክ ከሚባሉ መሠረታዊ ቅንጣቶች የተሠሩ ቅንጣቶች፣ ተገኝተዋል። ሁሉም ግን ከምናውቃቸው ኳርኮች የተሠሩ ናቸው፤ የታወቁትን መሠረታዊ ቅንጣቶች ከሚገልጸው ንድፈ ሐሳብ፣ ከስታንዳርድ ሞዴል፣ የወጣ የለም።

በ2015 መጨረሻ የማፍጠኛው ሁለት የሙከራ ቡድኖች፣ ሲኤምኤስና አትላስ፣ 750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ከተጠበቀው የበዙ የፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ጥንዶች አዩ። ዓለም ጉድ አለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጻፉ። በ2016 ተጨማሪ መረጃ ሲመጣ ግን ምልክቱ ጠፋ፤ ለካ የአጋጣሚ ነገር ነበር። አሥር ጊዜ ዘውድና ጎፈር ብትጥዪ ስምንቴ ጎፈር ሊወጣ ይችላል፤ ሳንቲሙ ግን ጤነኛ ነው። ስለዚህ “አገኘን” ለማለት በእርግጠኝነት መለኪያው 5 ሲግማ ይጠየቃል። ይህ ማለት ነገሩ እንዲሁ በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ይህ ጥብቅነት በጣም ያስደስተኛል።

ፍለጋው የማይቆመው የጋላክሲዎችን አዟዟር የሚታየው ቁስ ብቻውን ስለማያስረዳው ነው፤ ያላወቅነው የማይታይ ቁስ ሳይኖር አይቀርም። ስታንዳርድ ሞዴል ለዚህ መልስ የለውም። የሲኤምኤስና የአትላስ መረጃ በከፊል ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኮምፒውተር ካገኘሽ ሂግስ የታየበትን ግራፍ ራስሽ ሞክሪው።