መልስ፦ የ1966 ቮልሴ ኦርጅናል መሆኑን በምን ልወቅ?

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ! «ሻጩ ሁሉም ነገር ኦርጅናል ነው ብሎኛል፣ እንዴት ላረጋግጥ?» ላልከው፣ ከቀለሙ ሳይሆን ከቁጥሩ ጀምር። የኋላ ወንበሩን አንሳና መሃል ላይ ባለው ጉብታ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርገህ አንብብ። የ1966 (በፈረንጅ) ሞዴል ቮልስ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ሆኖ በ116 ይጀምራል፤ 118 ካለ ሊብሬው ምንም ይበል የ68 ሞዴል ነው። ዙሪያውን የብየዳ ምልክት ካየህ ተጠራጠር።

ከዚያ የኋላውን ኮፈን ክፈት። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው፤ ፊደሉን እይ። «ኤፍ» ባለ 1300 ሲሲ ሞተር፣ «ዲ» ደግሞ 1200 ሲሲ ባለ 34 ፈረስ ጉልበት ነው። የእኔን «1300 ነው» ብለው ሸጡልኝ፤ ቅባቱን በናፍጣ ሳጥበው «ዲ» ብቅ አለች! ለካ ዳገት ላይ የምታቃስተው ወዳ አይደለም።

የፍጥነት መለኪያውን ብታወጣው ከጀርባው የተሠራበት ወርና ዓመት ተመትቶበታል፤ ቸርኬውም ላይ እንደዚሁ። ከመኪናው ጥቂት ወራት የሚቀድም ቀን ጥሩ ነው፣ የሚዘገይ ግን የተቀየረ ነው። ለፓራፋንጎና ለወለሉ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አስጠጋ፤ ካልያዘ ከሥር ያለው ስቱኮ ነው። ዲናሞና ካርብሬተር ተቀይሮ ብታገኝ ግን አትናደድ፣ በዚህ ዕድሜ ያልተቀየረ ብርቅ ነው። የሻንሲውን ፎቶ ለጥፍልንና አብረን እንየው።